ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ማናት?

(በያቭነ፣ በጠዋት የቡና ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ቡናው እስኪደርስ ድረስ ተናገሪ ተብዬ ነው የቆምኩት። እኔ እዚሁ ካፕላን ሆስፒታል የተወለድኩ፣ አማርኛን ከእናቴ ማጀት የተማርኩ ልጃችሁ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ አማርኛዬ ሲሰበር እዚያው አርሙኝ፣ አልቀየምም። ይህን ንግግር ትናንት ማታ ለእናቴ አንብቤላት ግማሹን አስተካክላልኛለች፤ የቀረው ስህተት የእኔ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ቆይ፣ አትነሡ! ኮምፒዩተር ስል ግማሾቻችሁ ወደ በሩ ስታዩ አይቻለሁ። ነገሩ የኮምፒዩተር ይመስላል እንጂ የእናንተ ስም ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ወደ ሐኪም የሚወስዳችሁ መኪና፣ ስለ ስኳር በሽታ በአማርኛ የምታስረዳችሁ ነርስ፣ ደብዳቤ የሚያነብላችሁ ሰው፣ ይህ ሁሉ ከመደበኛው በጀት ብቻ አይመጣም። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም አንድ የእርዳታ ድርጅት «ኮል ኮሬ» ያወጣል፤ ጥሪ ማለት ነው። «ይህን ያህል ገንዘብ አለ፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ የምትፈልጉ ጻፉ» ይላል። እኛ ማመልከቻ እንጽፋለን። እዚያ ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ደግሞ ነጥብ ይሰጣል። ችግሩ ምን ያህል ከባድ ነው? ነጥብ። ስንት ሰው ተቸግሯል? ነጥብ። እንግዲህ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ምን ይማራል? ማስለቀስ ይማራል። አንባቢውን ባስለቀሰ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራላ!

እኔም ተማርኩ። የዛሬ ዓመት ገደማ ለመጓጓዣና ለአስተርጓሚ የሚሆን ገንዘብ ስጠይቅ ስለ እናንተ በዕብራይስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ትምህርት የሌላቸው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ በልጆቻቸው ላይ ጥገኛ የሆኑ፣ ከዘመናዊ ኑሮ ጋር መላመድ ያቃታቸው፣ «ኦኽሉሲያ ሙኽሌሸት»። ይህ የመጨረሻው «እንዲዳከም የተደረገ ሕዝብ» እንደ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ቃል ጥሩ ቃል ነው ተብለን ነው የተማርነው፤ «ደካማ» ከማለት ይሻላል፣ ጥፋቱን ከሰውየው ላይ ያነሣል ተብለን። ገንዘቡ መጣ። እኔም ደስ አለኝ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንዲት እናት ጠሩኝ። ስማቸውን አልናገርም፤ እዚህ ይኑሩ አይኑሩም አልናገርም። የልጅ ልጃቸው ወረቀት በማባዛት ስታግዘን ያንን ማመልከቻ አይታ፣ ቤት ወስዳ አንብባላቸዋለች። ቡና አፈሉልኝ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ ምንም አላሉም። በረካው ላይ ሲደረስ «ልጄ፣ ገንዘቡን ያመጣሽው እኔን ሸጠሽ ነው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «በሱዳን በረሃ አንዱን ልጅ አዝዬ፣ አንዱን እየጎተትኩ መጥቻለሁ። ሸክላ ሠርቼ ቤት አቁሜአለሁ። ስንት የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ። ይህች ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ማናት? እኔ አላውቃትም።» እኔ «እማማ፣ እንዲህ ካልተጻፈ ገንዘቡ አይሰጥም» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ። «ገንዘቡማ ጥሩ ነው። መኪናውም ጥሩ ነው። ግን እኮ የልጅ ልጄ አነበበችው።»

ይህን ለምን ለሁላችሁም እናገራለሁ? ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው። ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒዩተር ከሚያውቅ አንድ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ፕሮግራሙን የሠራነው። ስልክ ላይ ስትጽፉ የተሳሳተ ቃል ሥር ቀይ መስመር ይወጣ የለ? የልጅ ልጆቻችሁን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። የእኛም እንደዚያ ነው፤ ቀለሙ ቢጫ ነው። ማመልከቻውን ስትሰጡት ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ሰው ሊያስከፋ የሚችል ቃል ሲያገኝ ቢጫ ያደርገዋል። ውስጡ ያለው ነገር ቀላል ነው፤ የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው። በአንዱ ረድፍ ቃሉ፣ በሁለተኛው ለምን እንደሚያስከፋ፣ በሦስተኛው በእሱ ፋንታ ምን ማለት እንደሚቻል ተጽፏል። ፕሮግራሙ አይሰርዝም፣ አይቀይርም። «እዚህ ላይ ቆም በይ» ይላል፣ ያው ነው።

የመጀመሪያውን ዝርዝር ብቻዬን ጻፍኩት። 42 ቃላት ነበሩ፣ ሁሉም ከዩኒቨርሲቲ ደብተሬ። ኩራት ኩራት አለኝ። ከዚያ የድሮ ማመልከቻዎችን አስገብተን ሞከርነው።

ጉዱን ልንገራችሁ። «ዔዳ» የሚለውን ቃል ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቼ ነበር። ሌላውን ማኅበረሰብ እያሉ እኛን ብቻ «ዔዳ» ማለት ወደ ጎን እንደ ማስቀመጥ ነው ብለው ወጣቶቹ ይከፉበታል። ፕሮግራሙ ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበት ወረቀት ላይ ቢጫውን ደፋበት፤ ለካስ በዕብራይስጥ ሴት ምስክርም «ዔዳ» ናት፣ ያው ፊደል፣ ያው ድምፅ። «ደካማ» የሚለውንም አስገብቼ ነበር፤ «የደረጃው መብራት ደካማ ነው፣ ሰው ይወድቃል» የሚለውን አረፍተ ነገር ቢጫ አደረገው። መብራቱ ተከፍቶ ይሆን? በአማርኛ ስንሞክረው ደግሞ ባሰ። «ድሃ» ብለን ብንጽፍለት «ድሀ» የሚለውን አያውቀውም፤ «ለድሆች» ሲመጣማ ጭራሽ አልፎት ይሄዳል። ፊደል ሲሳሳት የምትቆጡ አባቶች እዚህ አላችሁ፤ ለዚህ ማሽን ሀ እና ሃ እንደ ያቭነና እንደ ጎንደር የተራራቁ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነው፣ ይስተካከላልም። የሚያሳስበው ያለፈው ነገር ነው። በአንድ አሮጌ ማመልከቻ ውስጥ «ፕሮጀክቱ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው ያስተምራል» የሚል አረፍተ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ዝም አለ። አንድም ክፉ ቃል የለበትማ! እኔ ግን ለእናቴ ብተረጉምላት «ከልጄ ልጅ ጋር መነጋገርን ማን ነው የሚያስተምረኝ?» ብላ ሳህኑን አስቀመጠች። ማሽኑ ሰሙን ያያል፣ ወርቁን አያይም። ስለዚህ «ፕሮግራሙ ምንም ቢጫ አላወጣም፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው» የሚል ሠራተኛ ቢመጣባችሁ አትመኑት። እኔም ብሆን አትመኑኝ።

ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ማን ይሠራበታል ብዬ ስፈልግ አሜሪካ ደረስኩ። እዚያ ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ።

በ2017 መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ እንደጻፈው፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሠራተኞች በጀት በሚጠይቁበት ወረቀት ላይ ሰባት ቃላት እንዳይጠቀሙ ተነግሯቸው ነበር። ከሰባቱ አንዱ «ተጋላጭ» የሚለው ቃል ነው። በሽታ ቶሎ የሚይዘውን ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ችግረኛ በምን ስም ሊጠሩት ነው? የማዕከሉ ኃላፊ የተከለከለ ቃል የለም ብለው አስተባብለዋል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንደገና ሥልጣን ሲይዙ ነገሩ ሰፋ። ለዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ገንዘብ የሚሰጠው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ቀድሞ የፈቀዳቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ምርምሮች በቃላት ዝርዝር እየፈተሸ እንደሆነ ጋዜጦች ጻፉ። በዝርዝሩ ውስጥ «ሴቶች» እና «አካል ጉዳት» የሚሉት ይገኙበታል።

በዚያው ጊዜ ቴድ ክሩዝ የሚባሉ የሴኔት አባል ከ3,400 በላይ ምርምሮችን የያዘ የክስ ዝርዝር አወጡ። ፕሮፐብሊካ የተባለ የጋዜጠኞች ድርጅት ዝርዝሩን ገልጦ ሲያይ አንዱ ምርምር ስለ ናና ሆኖ ተገኘ። አዎ፣ ናና! በረንዳችሁ ላይ የምትተክሉት፣ ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት። ምርምሩ ተክሉ በዘመናት ውስጥ እንዴት ልዩ ልዩ ዓይነት እየሆነ እንደመጣ የሚያጠና ነው። «ልዩ ልዩ መሆን» የሚለው ቃል ስላለበት፣ ደግሞም በሥራው አንዲት ወጣት ሴት ተመራማሪ እንደምትታገዝ ስለተጻፈበት ተያዘ። ሌላው ብዙ ደም ለሚፈሰው ሰው የሚሆን የሕክምና መሣሪያ ነበር፤ «ተጎጂ» የሚል ቃል ነበረበት። እንዲህ ዓይነቱን ፍተሻ የሚያደርግ ሰው ወረቀቱን አንብቦ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች ማንም ሳይነግራቸው ቃላቱን ራሳቸው ከማመልከቻቸው ማውጣት ጀመሩ።

አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የእኛ ፕሮግራም የሚሠራው ሥራና የእነሱ ፍተሻ አንድ ነው። ዝርዝር አለ፣ ቃል ይፈለጋል፣ ምልክት ይደረጋል። እኛ ሰው እንዳይዋረድ ብለን ሠራነው፤ እነሱ ገንዘብ ለመከልከል ሠሩበት። ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል። ልዩነቱ ዝርዝሩን ማን ጻፈው፣ ቢጫ ከወጣ በኋላስ ማን ይወስናል የሚለው ነው። የእኔን የ42 ቃላት ዝርዝር ያኔ ነው ዘግቼ ወደ እናንተ የመጣሁት።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማመልከቻ በመጻፍ የታወቀ አንድ አማካሪ ዝርዝሬን አይቶ «ጊዝዓኑት የሚለውን ጨምሪበት፣ ገንዘብ ሰጪዎች አይወዱትም» አለኝ። ጊዝዓኑት ማለት ዘረኝነት ነው። በእሱ ፋንታ «የመግባባት ችግር» በይ አለኝ። ለማስገባት ጣቴን አንሥቼ ነበር፤ እውነቱን ነው የምላችሁ። ከዚያ አባቴ ትዝ አለኝ። በ1996 ከእኛ ሰዎች የሚወሰደው ደም እየተጣለ መሆኑ ሲታወቅ ኢየሩሳሌም ድረስ ለሰልፍ ከወጡት አንዱ ነው፤ እዚህም የወጣችሁ አላችሁ። በ2012 በቂርያት ማላኪ በአንዳንድ ሕንጻዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ሲነገር የወጣችሁም አላችሁ። ያ የመግባባት ችግር ነበር እንዴ? በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራው የመንግሥት ቡድን ሪፖርቱን ሲያወጣ «ጊዝዓኑት» የሚለው ቃል በስሙ ላይ ነበር። የእኔ ፕሮግራም ያኔ ኖሮ ቢሆን ያንን ርዕስ ቢጫ አድርጎ «ለስለስ አድርጉት» ይል ነበር። አላስገባሁትም፤ አላስገባውምም። የሚያዋርድ ቃል ሌላ ነው፣ የሚያስደነግጥ እውነት ሌላ ነው።

እሺ፣ እናንተ ጋ ስመጣ ምን ሆነ? እዚህ ሞአዶን ውስጥ ተቀምጠን ቃላቱን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበብኩላችሁ። ያላችሁትን ሁሉ ጽፌአለሁ፣ አንዳንዱን ላስታውሳችሁ።

ዝርዝሬ «ዛኬን» የሚለውን ቢጫ አድርጎ «ጊል ሽሊሺ»፣ ሦስተኛ ዕድሜ በሉ ይል ነበር። አንድ አባት «ሽማግሌ በይኝ! ሽማግሌ ክብር ነው። ሦስተኛ ዕድሜ ምንድን ነው? አንደኛውንና ሁለተኛውን ማን ወሰደብኝ?» ብለው ሁላችሁም ሳቃችሁ። ያ ቃል ወጣ።

«ድሃ» ሲነበብ እናቶች አጉረመረሙ፣ አንድ ሌላ አባት ግን ተነሡ። «ድህነት ነውር አይደለም። ድሃ የሚለውን ደብቃችሁ ምን ልትሉኝ ነው? የጡረታ ገንዘቤ ለኪራይና ለመድኃኒት አይበቃም፣ እንደዚያ ብለሽ ጻፊው» አሉ። ትክክል ናቸው። ቁጥሩን መጻፍ ይቻላል፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ስለ ስግድ «ፎልክሎር» ተብሎ የተጻፈውን ስነግራችሁ ኬሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጾምና ጸሎት ነው፣ ዳንስ አይደለም» አሉ። ክኔሴት በ2008 በሕግ ያጸደቀውን በዓል እኛው ራሳችን ወደ ትርኢት ስናወርደው አስቡት! ያ ቃል ገባ። «ኦሌ ሓዳሽ»፣ አዲስ መጤ የሚለውም ገባ። አርባ ዓመት ሙሉ አዲስ የሚሆን ነገር የለም። እዚህ ላይ ግን እኔና እናንተ አልተስማማንም ነበር። እንደ እኔ እዚህ የተወለደ ልጅ «የኢትዮጵያ ትውልድ ያለው» መባልንም አይወድም፤ እስራኤላዊ ነኝ፣ በቃ ይላል። እናንተ ደግሞ «ያ ቃል ከወረቀቱ ከወጣ አስተርጓሚው በምን ምክንያት ይመጣል?» አላችሁኝ። አሰብኩበት። ልክ ናችሁ። ስለ አስተርጓሚ ሲሆን ይጻፍ፣ ስለ ሌላ ነገር ሲሆን አይጻፍ፤ ይህን ደግሞ ማሽን ሊለይ አይችልም።

በመጨረሻ አንዲት እናት ከኋላ ሆነው፣ ቀስ ብለው፣ «እኛ እርስ በርሳችን የምንባባለውንስ? ባሪያ፣ ጨዋ የሚለውንስ ለምን አታስገቢውም?» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ «እማማ፣ እሱ ቃል እኮ ማመልከቻ ላይ አይጻፍም» አልኳቸው። «አውቃለሁ፣ ግን ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። አንድም ጊዜ ቢጫ አላወጣም፣ ምናልባትም አያወጣም። ዝርዝሩ ውስጥ ግን አለ።

ስለ ሌላ ጥቅሙም ልንገራችሁ፣ አጭር ነው። ፕሮግራሙ ቃል ሲለይ ይሳሳታል፤ ቁጥር ሲለይ ግን ጎበዝ ነው። የመታወቂያችሁ ቁጥር ዘጠኝ አኃዝ ነው። ዘጠኝ አኃዝ የተከታተለበትን ቦታ ሁሉ፣ የስልክ ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ያሳየናል፤ የማንም ሰው ቁጥር ከበሽታው ጋር ተጽፎ ከቢሯችን እንዳይወጣ። የሚሠራውም በእኛው ኮምፒዩተር ላይ ነው፣ ወረቀቱ ወደ ኢንተርኔት አይሄድም። ልጆቻችሁ «ለምን ዝም ብላችሁ ቻት ጂፒቲን አታጽፉትም?» ይሉኛል። የእናንተን ሕመምና የቤታችሁን ጉዳይ ለማላውቀው ማሽን አልሰጥም። እሱም ቢሆን ስለ እኛ የሚያውቀው ሰው የጻፈውን ነው፤ እንደ እኔ የመጀመሪያ ማመልከቻ ያለውን ጭምር።

አሁን አዲስ ማመልከቻ ጽፈናል፤ መኪናውና አስተርጓሚው እንዲቀጥሉ። «ማንበብና መጻፍ የማይችሉ» በሚለው ፋንታ «አማርኛና ትግርኛ የሚናገሩ፣ በዕብራይስጥ የሚመጣላቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው ሰው የሚያስፈልጋቸው» ብለናል። «ጥገኛ» በሚለው ፋንታ ወደ ሐኪም ለመድረስ ስንት አውቶቡስ እንደሚቀየር ጽፈናል። ስለ ሥራችሁም ጽፈናል፦ ስለ አስታራቂዎቹ፣ ልጅ ስለሚጠብቁት፣ ስለ ጓሮ አትክልቱ። ከመላኩ በፊት ደግሞ ወረቀቱን ይዤ ወደዚያች እናት ቤት ሄድኩ፣ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ አስተካከሉ። አንደኛው ሸክላ «ይሠሩ ነበር» የሚለውን ነው። «ነበር አትበይ፣ አሁንም እሠራለሁ» አሉ።

መልሱ ገና አልመጣም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እፈራለሁ። ገንዘቡ ቢከለከል «ወረቀቱ በቂ አላሳዘነም» የሚሉ ይኖራሉ፤ መኪናው ሲቀር በፀሐይ አውቶቡስ የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አይደለሁም። ለዚህ ነው ብቻዬን መወሰን ያልፈለግሁት። በስብሰባው ላይ ስጠይቃችሁ አብዛኞቻችሁ «እንዲህ ሆኖ ይላክ» አላችሁ፣ ሦስት ሰዎች ደግሞ «የድሮው ይሻላል፣ ክብር መኪና አይሆንም» አላችሁ። የሦስቱንም ቃል መዝግቤአለሁ፤ የተናቀ ሐሳብ አይደለም።

ዝርዝሩን በዓመት ሁለት ጊዜ እንከፍተዋለን፣ ከፋሲካ በፊትና ከስግድ በኋላ፤ የማይፈለግ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል። አንድ ቃል እስካሁን አልተፈታም። «ሙኽሌሸት» የሚለውን አውጥተነዋል፣ በእሱ ፋንታ የሚሆነው ረድፍ ግን ባዶ ነው። «አቅመ ደካማ» አይሆንም፣ «ችግረኛ» አይሆንም፣ ዝም ማለትም አይሆንም፤ ሰው እንዲቸገር ያደረገው ነገር መነገር አለበትና። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አላገኘሁትም። ቃል ያላችሁ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ እመጣለሁ፣ ንገሩኝ። ደረጃ መውጣት የሚከብዳችሁ ለመጋሼሩ ንገሩትና እቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ፤ ቡና ግን አታፍሉ፣ ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን አራት ቤት ጠጥቼ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

እነሆ፣ ቡናው መጣ።